የቆየ የናፍጣ ፒካፕ ላይ የነዳጅ ታንክ መቀየር

ካሶኒ (የኋላው የጭነት ሳጥን) ሥር ያለው ታንክ ሲበሰብስ አስበይዶ መመለስ አያዋጣም። ባዶ ቢመስልም ውስጡ የቀረው ትነት ሊፈነዳ ይችላል።

ከዋዜማው የማሰሪያ ላሜራዎቹን ዳዶዎች ዝገት ማላቀቂያ ንፉባቸው። በማግስቱ የባትሪውን ነጌቲቭ ፈትታችሁ ናፍጣውን ቅዱ፤ 20 ሊትር ቢቀር እንኳ 17 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። መኪናውን በካቫሌቶ (በብረት መደገፊያ) አቁሙ፤ ክሪክ ብቻውን አይታመንም።

ቱቦዎቹን ከመንቀላችሁ በፊት መላኪያውንና መመለሻውን በቀለም ለዩ። ከተገለባበጡ ታንኩ ውስጥ ነዳጅ እያለ ሞተሩ አየር ስቦ ሊጠፋ ይችላል።

አዲሱን ታንክ ከመስቀላችሁ በፊት ውስጡን በባትሪ መብራት እዩ፤ የብረት ብናኝ ካለ በትንሽ ናፍጣ አለቅልቁት። የጌጁን (የነዳጅ መጠን መለኪያውን) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ማሸጊያውን፣ በአዲስ ቀይሩ። ተራ ሲሊኮን አትቀቡ፣ ነዳጅ ያላላውና ተልጦ ፊልትሮ ይዘጋል።

ታንኩን በክሪክና በጣውላ አንሱት፤ እጅ የሚያስገባ ክፍተት ሲቀር አቁሙና የላዩን ቱቦዎች፣ የጌጁን ሶኬትና የመሬት ሽቦውን አገናኙ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ ቀጭኗ የአየር ቱቦ በታንኩና በካሶኒው መካከል ትጨፈለቃለች። ከዚያ ማደያ ላይ ነዳጁ እየተፋ አልገባም ይላል። በላሜራውና በታንኩ መካከል ጎማ አድርጉ፣ ዳዶዎቹንም እያፈራረቃችሁ አጥብቁ።

10 ሊትር ጨምራችሁ በፊልትሮው የእጅ ፓምፕ አየሩን አስወጡ። የጌጁ ጓርኒሲዮን ማፍሰሱ የሚታወቀው ግን ታንኩ ሲሞላ ስለሆነ፣ ሞልታችሁ ድጋሚ ሥሩን እዩ።