ዘንጉ ላይ ሁለት መስመር

በአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃ ሁለት ጊዜ ይጉረስ ወይም አረሩ ባሩዱ ላይ ሳይደርስ ይቅር ከውጭ አይታይም። ባዶነቱን ካረጋገጣችሁ በኋላ መጠቅጠቂያውን ዘንግ እስከ ታች አስገቡና በአፈሙዙ ጠርዝ ልክ በማይለቅ ማርከር አስምሩ። በቢላ አትቁረጡት፤ እንጨቱ እዚያው ላይ ይሰበራል። ቀጥሎ የተሰፈረ ባሩድና አረር አጉርሳችሁ፣ አረሩ ባሩዱ ላይ ሲያርፍ ሁለተኛውን አስምሩ።

ከዚያ ወዲያ ከማጉረሳችሁ በፊት የመጀመሪያው፣ ካጎረሳችሁ በኋላ ሁለተኛው መስመር ከጠርዙ ጋር መግጠም አለበት። ሁለተኛው ከፍ ብሎ ከቀረ በፍጹም አትተኩሱ፦ በባሩዱና በአረሩ መሀል ክፍተት ካለ በርሜሉ ሊያብጥ ወይም ሊፈነዳ ይችላል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የተጋገረ ጥላሸት ነው፤ በየተኩሱ መሀል በርሜሉን በረጠበ ጨርቅ ወልውሉ። ባሩዱን የሚለኩሰው ካፕሱል ምንጊዜም መጨረሻ ላይ ይግባ።

የባሩዱን መጠን ወይም የአረሩን ዓይነት ከቀየራችሁ ሁለተኛው መስመር አይሠራም፤ አዲስ አስምሩ።