የቤተሰብ ታሪክን በጋሻ አርማ ሲያሳዩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከሁሉም የሚብሰው የሌላ ሰው አርማ ገዝቶ ግድግዳ ላይ መስቀል ነው። «የቤተሰብ ስምዎ አርማ» እያሉ የሚሸጡ ነጋዴዎች ሞልተዋል። በእንግሊዝ ሥርዓት አርማ የሚሰጠው ለአንድ ሰው ነው፤ ከእሱም ወደ ዘሩ ይወርዳል። የስም መመሳሰል ብቻውን መብት አይሰጥም፤ የትውልድ ሐረጉ እስከ መጀመሪያው ባለ አርማ ድረስ በሰነድ መረጋገጥ አለበት። ሰነዱ ከሌለ በ1484 እ.ኤ.አ. ለተቋቋመው የለንደኑ አርማ ሰጪ ተቋም፣ ኮሌጅ ኦፍ አርምስ፣ ስለ አዲስ አርማ ማመልከት ይሻላል። ስኮትላንድ ጠበቅ ትላለች፦ እዚያ ያልተመዘገበ አርማ መጠቀም በሕግ ያስጠይቃል።

ሌላው የዘር ማንዘሩን ታሪክ በአንድ ጋሻ ላይ ማጨቅ ነው። የአያት ሞፈር፣ የቅድመ አያት እንዝርት፣ የትውልድ መንደር ተራራ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ሁሉም ተደርድሮ ማኅተም ላይ ሲያንስ ጥቁር ነጠብጣብ ይሆናል። ንድፉን በሁለት ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ በጥቁርና ነጭ ይሳሉት። ያልለየው ይውጣ።

የእንግሊዙ ልዑል ዊልያም ባለቤት የካትሪን ሚድልተን አባት በ2011 እ.ኤ.አ. የተሰጣቸውን አርማ ይመልከቱ። ሦስቱ የኦክ ፍሬዎች ሦስቱ ልጆች ናቸው። ሼቭሮን የሚባለው ሹል ቅርጽ ወርቅ የሆነው የእናትየው የቤተሰብ ስም ጎልድስሚዝ፣ ማለትም ወርቅ አንጥረኛ፣ ስለሆነ ነው። ጋሻውን መሐል ለመሐል የሚከፍለው መስመር ደግሞ ሚድልተን የሚለውን ስም ያስታውሳል። አንድም ፊደል አልተጻፈበትም፤ ስምና ቀን በጋሻ ላይ የሚጽፍ ሰው ምልክት አጥቶ ነው።

ቀለም ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ወርቅ (ቢጫ) እና ብር (ነጭ) እንደ ማዕድን ይቆጠራሉ፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁር፣ አረንጓዴና ሐምራዊ ቀለም ናቸው። ማዕድን በማዕድን ላይ፣ ቀለምም በቀለም ላይ አይቀመጥም። አረንጓዴ መደብ ላይ ቀይ አንበሳ ከሩቅ ይጠፋል፤ አንበሳው ወርቅ ቢሆን ግን ይታያል። ሁለት ቀለም ጎን ለጎን መሆኑ አይከለከልም፤ የሚድልተን ጋሻም ግማሹ ሰማያዊ፣ ግማሹ ቀይ ነው።

አንበሳን ካነሣን፣ ዘውድ ደፍቶ መስቀል የያዘው የይሁዳ አንበሳ የዘውዱ መንግሥት ምልክት ነበር። ለግል አርማ ዘውዱን ትተው አንበሳውን በሌላ አቋም ያስሉ። ጋሻውን ግራና ቀኝ የሚደግፉ እንስሳትም በእንግሊዝ ለመኳንንትና ለከፍተኛ ኒሻን ባለቤቶች እንጂ ለሁሉም አይፈቀዱም።

በመጨረሻ፣ ከአንድ ሥዕል ጋር አይጣበቁ። አርማውን የሚወስነው በቃላት የተጻፈው መግለጫው ነው። «ሰማያዊ» ካለ ሠዓሊው ደማቅም ፈዛዛም ቢቀባው አርማው ያው ነው።