ደብረ ብርሃን ላይ የኮራል ገንዳዬ ውሃ እንዴት እንደተስተካከለ

ኮራል (ተክል የሚመስል የባሕር እንስሳ) በማኖርበት 200 ሊትር በሚይዘው ገንዳዬ፣ ኮራሎቹ ከተቀመጡበት ድንጋይ ጀርባ ቡናማ ዝቃጭ ይከመር ነበር። ፓምፑ አቅም አላነሰውም፤ በሰዓት 4,000 ሊትር ይገፋል፣ የገንዳውን 20 እጥፍ። ግን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚገፋ አንዱን ኮራል ይገርፋል፣ ጥጉ ላይ ውሃው ይተኛል። በሁለት ትንንሽ ፓምፖች ተካሁት፤ ግራና ቀኝ ሆነው በየተራ ይሠራሉ። ድንጋዩንም ከኋላው መስታወት አራት ጣት ያህል አራቅሁት፤ ለእኔ ትልቁን ለውጥ ያመጣው ይሄ ነው። አንዱን ፓምፕ የውሃውን ገጽ እንዲያናውጥና ኦክስጅን እንዲገባ ወደ ላይ አቀናሁት። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፣ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅንም ያንሳል። መብራት ሲጠፋ (መጥፋቱ አይቀርም!) በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ አስነሳለሁ። አሁን ዝቃጩ ሳይቀመጥ ወደ ማጣሪያው ይሄዳል፤ ለስላሳ ኮራሎቹም ወዲያ ወዲህ ይወዛወዛሉ።