የእጅ ቾፐር ሲያስቸግር ምን ይደረግ? ችግርና መፍትሄ

በገመድ የሚሳበው የእጅ ቾፐር (የሽንኩርትና የአትክልት መክተፊያ) ቀላል ዕቃ ነው። መብራት አይፈልግም፣ ቦታ አይይዝም፣ ለአንድ ራስ ሽንኩርት ጥቂት ሳብ ሳብ ማድረግ ይበቃዋል። ሆኖም ብዙ ቤት ውስጥ ተገዝቶ ሳይሰነብት መደርደሪያ ጥግ ይወሸቃል። «ሽንኩርቱን አላቆጠው»፣ «ገመዱ ወጥቶ ቀረ»፣ «ጉልበት ይጨርሳል» ይባልና ወደ ቢላ ይመለሳል። ይህ ያስቆጫል። ብዙውን ጊዜ የተበላሸው ዕቃው ሳይሆን አጨማመሩ፣ አሳሳቡ ወይም አስተጣጠቡ ነው፤ ሦስቱም ደግሞ ዛሬውኑ የሚስተካከሉ ናቸው።

መጀመሪያ ውስጡን ልንገራችሁ፣ ወደ ኋላ ላይ ይጠቅማችኋል። ክዳኑ ውስጥ ገመዱ የሚጠቀለልበት መዘውር አለ። ከመዘውሩ ጋር ስስና ጠፍጣፋ፣ ክብ ሆኖ የተጠቀለለ ሞላ ተያይዟል። ገመዱን ስትስቡት መዘውሩ ይዞርና ምላጮቹ የተሰኩበትን ዘንግ ያዞረዋል። ስትለቁት ሞላው ገመዱን ጎትቶ ወደ ውስጥ ይመልሰዋል። ዘንጉ ከታች ጎድጓዳው ወለል ላይ ባለች ትንሽ ጉጥ ላይ ይቀመጣል፣ ከላይ ደግሞ ክዳኑ ላይ ካለው ቀዳዳ ጋር ይገጥማል። በቃ፣ ይኸው ነው። ስለዚህ ችግሩ ወይ ጎድጓዳው ውስጥ ነው፣ ወይ ክዳኑ ውስጥ።

የትኛው እንደሆነ ለመለየት አንድ ነገር አድርጉ። ክዳኑን አውልቁና በእጃችሁ ይዛችሁ ገመዱን ብቻውን ሳቡት። ያለምንም ችግር ወጥቶ በራሱ ከተመለሰ ክዳኑ ጤነኛ ነው፣ ችግሩን ከጨመራችሁት ነገር ፈልጉት። ባዶውንም ከያዘ ወይም መመለስ ካቃተው ጎድጓዳውን ተዉት፣ ሥራው ክዳኑ ላይ ነው። ሌላ ነገር ከመነካካታችሁ በፊት ይህን ካደረጋችሁ ግማሹን መላ ምት ትገላገላላችሁ።

ገመዱ ይጠነክራል፣ ወይም መሃል ላይ ቀጥ ይላል

ባዶውን ደህና የሚሳብ ከሆነ ጥፋቱ ከጭነቱ ነው። ጎድጓዳው እስከ አፉ ከሞላ ምላጮቹ መዞሪያ ያጣሉ። ግማሽ ድረስ ብቻ ጨምሩ፤ ካሮትና መሰል ጠንካራ ነገር ከሆነ ከግማሽም ዝቅ ይበል። ቁራጮቹ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ቢሆኑ ጥሩ ነው። ካሮትን እኔ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ባለው ክብ ክብ መቁረጥ እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም በቁመቱ የተቆረጠ ካሮት በምላጩና በግድግዳው መሃል ተሰንቅሮ ይቀራል።

መሃል ላይ ቀጥ ካለ በጉልበት አትሳቡት። ገመድ የሚበጠሰው፣ የዘንጉ መግጠሚያም የሚበላው እዚህ ጋ ነው። ገመዱን ቀስ አድርጋችሁ መልሱ፣ ክዳኑን ክፈቱ፣ የተሰነቀረውን በማንኪያ እጀታ አላቅቁት። ጣት አይግባ። ከዚያ የገመዱን ሲሶ ያህል ብቻ በአጭር በአጭሩ ሦስት አራት ጊዜ ሳቡ። ትልልቆቹ ሲሰባበሩ እጃችሁ ላይ መለስለሱ ይታወቃችኋል፣ ያኔ በረጅሙ መሳብ ትችላላችሁ።

አሳሳቡም ለውጥ አለው። ገመዱ ከክዳኑ ጎን በሚወጣበት አቅጣጫ፣ አግድም ነው የሚሳበው። ወደ ላይ ከሳባችሁት ገመዱ ከቀዳዳው ጠርዝ ጋር እየተፋተገ ይከብዳል፣ ውሎ አድሮም ይሳሳል። ገመዱ መውጫው አካባቢ ጸጉር ጸጉር ካወጣ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ሽንኩርቱ ላቁጦ ውሃ ይይዛል

ትልቁ ቅሬታ ይህ ነው። ምክንያቱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል አንድ ነው፦ ብዙ ተስቧል። ምላጮቹ ትልቁን ከትንሹ አይለዩም። ከላይ የቀረውን አንድ ትልቅ ቁራጭ ለማድቀቅ ስትሉ በሳባችሁ ቁጥር ከታች ያለው፣ በቃኝ ያለው ሽንኩርት፣ ደግሞ ደጋግሞ ይመታል። ሲመታ ውሃውን ይለቃል። ውሃውን የለቀቀ ሽንኩርት ደግሞ ድስት ውስጥ ሲገባ ከመጠበስ ይልቅ መቀቀል ነው የሚጀምረው፣ ጣዕሙም ቀለሙም የሚጠፋው ለዚህ ነው።

መፍትሄው ሦስት ጊዜ ሳቡ፣ ክፈቱና እዩ ነው። መካከለኛ ክትፍ ከፈለጋችሁ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 8 ጊዜ መሳብ ይበቃል፣ እንደ ምላጩ ብዛትና እንደ ጎድጓዳው ስፋት ከፍ ዝቅ ይላል። ሽንኩርቱን ከመጨመራችሁ በፊት አራት ወይም ስድስት ቦታ ክፈሉት፣ ሥሩ ያለበትን ጠንካራ ጫፍ አስወግዱ፣ ካጠባችሁት በጨርቅ አድርቁት። ከፍሪጅ የወጣ ቀዝቃዛ ሽንኩርት ደግሞ ቅርጹን ይዞ ይቆረጣል። ሁለት ሦስት ራስ ካላችሁ በአንዴ አትጨምሩ፣ በየተራ ይሁን። በየተራ መክተፍ የሚያዘገይ ይመስላል፣ ግን ከላቆጠ በኋላ የሚደረግ ነገር የለምና አጥልሎ ከመጠቀም ይሻላል።

ምላጭ ሲደንዝም ሽንኩርት ይላቁጣል፣ ምክንያቱም መቁረጡ ቀርቶ መጨፍለቅ ይጀምራል። ይህን በምን ታውቃላችሁ? የተከተፈውን አንድ ቁራጭ አንሱና ጠርዙን እዩት። ጥርት ያለ ጠርዝ ካለው ስለቱ ደህና ነው፣ ብዙ ስባችሁ ነው። ጠርዙ የተተለተለና ክር ክር ያለ ከሆነ ምላጩ ደንዟል።

ዓይን ማቃጠሉን በተመለከተ፣ የተጨፈለቀ ሽንኩርት ከተቆረጠ ሽንኩርት የበለጠ የሚያስለቅስ ጋዝ ይለቃል፣ ጋዙ ደግሞ በተከደነው ጎድጓዳ ውስጥ ይጠራቀማል። ስለዚህ ክዳኑን ስትከፍቱ ፊታችሁን ከላዩ አትደቅኑ። ዘወር አድርጋችሁ ክፈቱ፣ ትንሽ ይውጣለት።

ቲማቲም ላይ ነገሩ ይብሳል። ፍሬውንና ፈሳሹን በማንኪያ አውጡለት፣ ጠንከር ያለውን ምረጡ፣ ሦስት አራት ጊዜ ብቻ ሳቡ። ለስጎ ከሆነ ግን መላቆጡ ችግር አይደለም፣ እንዳሻችሁ ሳቡት።

ከላይ ጉርድ፣ ከታች ድቃቂ

እኩል ያልሆነ ነገር ከጨመራችሁ እኩል ያልሆነ ነገር ታወጣላችሁ። ቁራጮቹን ተቀራራቢ አድርጉ። ጠንካራና ለስላሳ ነገር አብራችሁ አትክተፉ፤ ካሮቱ እስኪደቅ ቃሪያው ያልቃል። ካሮቱ ይቅደም፣ ሲጋመስ ቃሪያው ይጨመር። በየመሃሉም ክዳኑን እንደገጠመ ይዛችሁ ጎድጓዳውን ነቅነቅ አድርጉት፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ይወርዳል።

ነጭ ሽንኩርቱ አልደቅ አለ፣ ዝንጅብሉ ዘንጉ ላይ ተጠመጠመ

ሁለት ፍልቃቂ ነጭ ሽንኩርት ትልቅ ጎድጓዳ ውስጥ ብትጨምሩ ምላጩ አንዴ ይመታቸውና ግድግዳው ላይ ይለጠፋሉ፣ ከዚያ በኋላ ምላጩ በባዶ ነው የሚዞረው። መጠኑን ጨምሩ፣ ወይም ከሽንኩርቱ ጋር አብራችሁ ክተፉት። ለሁለት ፍልቃቂ ግን እውነቱን ለመናገር ቢላ ይሻላል።

ዝንጅብል በቁመቱ የሚሄድ ክር አለው። ክሩን አግድም እየበጠሳችሁ በስሱ ከቆረጣችሁት በኋላ ጨምሩት፣ አይጠመጠምም። ቅጠላ ቅጠል ደግሞ እርጥብ ከሆነ ይለጠፋል፣ ይጠቁራል። ታጥቦ በደንብ ይድረቅ፣ ወፍራም ግንዱ ይውጣ፣ ጎድጓዳው ራሱ ደረቅ ይሁን።

ገመዱ ወጥቶ አልመለስ አለ

እዚህ ጋ ክዳኑ ውስጥ ነን። በጣም የተለመደው ምክንያት ውሃ ነው። ክዳኑን ከሌላው ዕቃ ጋር ሳሙና ውሃ ውስጥ ስትዘፈዝፉት ውሃው በገመዱ ቀዳዳ ይገባል፣ የሽንኩርት ጭማቂውንም ይዞ ይገባል፣ ሲደርቅ ሞላውና መዘውሩ ላይ ይጋገራል። ሞላው ከዛገ ደግሞ ጉልበት ያጣል። ክዳን በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል እንጂ አይዘፈዘፍም። መመሪያው ላይ ይታጠባል ተብሎ ካልተጻፈ በቀር ይህን አጥብቃችሁ ያዙ፣ የዕቃውን ዕድሜ ከምንም በላይ የሚወስነው እሱ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት አለቃቀቅ ነው። ገመዱን እስከ ጫፍ ስባችሁ በድንገት ስትለቁት ተወርውሮ ይገባና መዘውሩ ላይ ይደራረባል፣ ይጠላለፋል። መያዣውን ሳትለቁ አብራችሁ መልሱት።

አሁን ቢጠላለፍስ? ገመዱን ቀስ ብላችሁ እስከ መጨረሻው አውጡት። እያወዛወዛችሁ እንጂ እየነጠቃችሁ አይደለም። የተጠማዘዘ ካለ አቃኑት፣ ከዚያ በሁለት ጣት ወጠር አድርጋችሁ ይዛችሁ ቀስ እያላችሁ አስገቡት። ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግሙት። ውሃ ገብቶበት ከሆነ ገመዱን አውጥታችሁ አድርቁ፣ ክዳኑንም የገመዱ ቀዳዳ ወደ ታች እንዲሆን ዘቅዝቃችሁ አንድ ቀን አየር ላይ ተዉት።

ይህ ሁሉ ካልሠራ መክፈት ነው። ከክዳኑ ሥር ብሎኖች ካሉት በትንሽ ካቻቢቴ ይፈታል። ብሎን የሌለውንና የተበየደውን ግን አትፈልቅቁት፣ ይሰነጠቃል። ስትከፍቱ አንድ ከባድ ጥንቃቄ አለ፦ የተጠቀለለው ሞላ ተወጥሮ ስለሚቀመጥ ተፈናጥሮ ሊወጣ ይችላል፣ ጠርዙም ይቆርጣል። ላዩ ላይ ጨርቅ ጣል አድርጉ፣ ጓንት አድርጉ፣ ፊታችሁን አርቁ፣ ልጆች አይቅረቡ። ሞላው ራሱ ከተሰበረ እዚያው አቁሙ፣ ክዳኑን መቀየር ይሻላል።

ገመዱ ተበጠሰ

ክዳኑ የሚፈታ ከሆነ የሚጠገን ነገር ነው። ከአሮጌው ጋር እኩል ውፍረትና ርዝመት ያለው የተጎነጎነ የናይለን ገመድ ያስፈልጋችኋል። ወፍራም ከሆነ መዘውሩ ላይ አይበቃም፣ ቀጭን ከሆነ ቶሎ ይበጠሳል። አንዱን ጫፍ መዘውሩ ላይ፣ ሌላውን መያዣው ላይ አጥብቃችሁ ቋጥሩ፣ ጫፎቹን እንዳይተረተሩ በእሳት ለኮስ አድርጓቸው።

ብዙ ሰው የሚሳተው ቀጥሎ ያለውን ነው። ከመግጠማችሁ በፊት መዘውሩን ሞላው በሚጠብቅበት አቅጣጫ አንድ ሁለት ዙር አዙሩት። ይህን ካላደረጋችሁ ገመዱ የተወሰነ ይመለስና መያዣው ውጭ ላይ ላላ ብሎ ይንጠለጠላል። እንደዚያ ከሆነ አንድ ዙር ጨምሩ። ተቃራኒው፣ ማለትም ገመዱ ሳያልቅ ቀጥ የሚል ከሆነ፣ ሞላው ከልክ በላይ ጠብቋልና አንድ ዙር ቀንሱ።

ገመዱ ይሳባል፣ ምላጩ ግን አይዞርም

ቀላሉን አስቀድሙ። ዘንጉ ከታች ጉጧ ላይ መቀመጡን እዩ፣ ክዳኑን ስትገጥሙ የዘንጉን ጫፍ ከቀዳዳው ጋር እስኪገጥም ክዳኑን ትንሽ ወዲህ ወዲያ አድርጉት። ካልሆነ የዘንጉን ጫፍ በጣት ሳይሆን በዓይን መርምሩ። መሆን ያለበት ጥርት ያሉ ማዕዘኖች ያሉት ነው። ማዕዘኖቹ ተበልተው ከከበቡ ክዳኑ በባዶ ይሾራል እንጂ አይዝም፣ ለዚያ ዘንጉን ከነምላጩ ከመቀየር ሌላ መላ የለውም።

በገመድ ሳይሆን በመጫን የሚሠራው አልቆርጥ አለ

መረብ ምላጭ ያለውና ከላይ የሚጫነው ዓይነት ጠባዩ ሌላ ነው። ድፍን ሽንኩርት አይወድም። ለሁለት ክፈሉትና የተቆረጠው ጠፍጣፋ ፊት ምላጩ ላይ ይረፍ፣ ጀርባው ወደ ላይ። ቀስ ብሎ መጫን አይሆንም፣ በሁለት መዳፍ ፈጠን ብሎ አንዴ። ጥሬ ካሮትና ድንች ከ1 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ ውፍረት ይኑራቸው፣ አለበለዚያ የሚሰበረው የክዳኑ የፕላስቲክ ጥርስ ነው። መረቡ ውስጥ የቀረውን አብሮ በሚመጣው ማበጠሪያ ወይም በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ከጀርባው ግፉት።

ዕቃው ጠረጴዛ ላይ ይንሸራተታል

ሥሩ ላይ ያለው ጎማ ዘይት ወይም ውሃ ነክቶታል። በሳሙና እጠቡት፣ አድርቁት። ካልበቃ እርጥብ ጨርቅ አንጥፉበት።

ቀለምና ሽታ ይዟል

የካሮትና የቲማቲም ቀለም በውሃ አይለቅም፣ በዘይት ነው የሚለቀው። ጥቂት የምግብ ዘይት በጨርቅ አድርጋችሁ እሹት፣ ከዚያ በሳሙና እጠቡት። የቀረውን ፀሐይ ያነጣዋል። ለነጭ ሽንኩርት ሽታ ቤኪንግ ሶዳ በትንሽ ውሃ ለውሳችሁ ቀቡትና ጥቂት ሰዓት አቆዩት። የፈላ ውሃ ግን አትድፉበት፣ ፕላስቲኩ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል።

ምላጩ ነጠብጣብ ዝገት አወጣ ወይም ደነዘ

የማይዝግ ብረትም ቢሆን ጨውና ጭማቂ እንደነካው እርጥቡን ካደረ ነጥብ ነጥብ ይዝጋል። እንደጨረሳችሁ አጥባችሁ አድርቁት። ቀላል ነጠብጣብ በቤኪንግ ሶዳ ይለቃል። የተጠማዘዘ ምላጭ ቤት ውስጥ መሳል አልመክርም፤ ስለቱ ጠባብ ነው፣ አያያዙም ለጣት አደገኛ ነው። መለዋወጫ ካለው ቀይሩት። ምላጩን ሳሙና ውሃ ውስጥ ጥላችሁ እጃችሁን ሰዳችሁ አትፈልጉት፣ ብዙ ጣት የሚቆረጠው ሲከተፍ ሳይሆን ሲታጠብ ነው። የላይኛውን የፕላስቲክ ጫፍ ይዛችሁ በሚፈስ ውሃ ሥር በብሩሽ አጽዱት።

ጎድጓዳው ራሱ ከተሰነጠቀ ግን ማጣበቂያ አትሞክሩ። የፕላስቲክ ስብርባሪ ምግብ ውስጥ ይገባል፣ ከሽንኩርት ጋር ሲቀላቀል ደግሞ አይታይም።