ድምፁ የጠፋውን የመልስ ቪዲዮ እንዴት አስተካከልኩት

ዩቲዩብ ላይ የጫንኩት የሠርግ መልስ ቪዲዮ በማግስቱ ድምፁ ጠፋ። አሜሪካ ያሉት የሙሽራዋ አክስት «ልጄ፣ እልልታው የታለ?» ብለው ደወሉ። በጣም አዘንኩ።

ኮንቴንት አይዲ የሚባለው የዩቲዩብ የቅጂ መብት መለያ ሥርዓት ቪዲዮው ላይ ያስገባሁትን ዘፈን ለይቶታል። ገዝቼው ነበር፤ ግን ለማዳመጥ መግዛት ሌላ፣ ከቪዲዮ ጋር ለማዋሃድ መፈቀድ ሌላ። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲውም፣ ዘፋኙም፣ ድምፁን ያሳተመውም መብት አላቸው። መብታቸውም ሊከበር ይገባል።

አንድ ክራር ተጫዋች አዲስ ዜማ ሠራልኝ። ከፈልኩት፤ ኢንተርኔት ላይ እንድጠቀምበት በጽሑፍ ተፈራረምን። ያስቸገረኝ የአዳራሹ ድምፅ ነው። ማይኩ የቀዳው የዲጄ ዘፈንም ይያዛል! ስለዚህ ዲጄው ያረፈባቸውን ቦታዎች ፈልጌ እልልታውንና የሽማግሌዎቹን ምርቃት ብቻ አስቀረሁ። ጭፈራው ላይ ክራሩን አስገባሁ።

መጀመሪያ «ያልተዘረዘረ»፣ ማለትም ሊንኩ ያለው ብቻ የሚያየው አድርጌ ጫንኩት። የቅጂ መብት ፍተሻውን ሲያልፍ ሊንኩን ለአክስት ላኩላቸው።