ሌሎች ድረ ገጾች ወደ እናንተ ሊንክ የማያደርጉት ለምንድን ነው?

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ተቀምጦ ድረ ገጽ የከፈተ ሰው ውሎ አድሮ የሚያነሳው ቅሬታ ተመሳሳይ ነው፦ በየሳምንቱ እንጽፋለን፣ ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ እንለጥፋለን፣ ሰውም ሼር ያደርገዋል፤ ጉግል ላይ ግን ስማችን ተጠርቶ ካልተፈለገ በቀር አንገኝም። አብዛኛውን ጊዜ የሚጎድለው ሊንክ ነው። ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን ጉግልን እ.ኤ.አ. በ1998 ሲመሠርቱ ይዘውት የተነሡት ሐሳብ፣ አንድ ገጽ ለሌላው የሚሰጠው ሊንክ እንደ ምስክርነት ይቆጠር የሚል ነበር። ዛሬ ጉግል የሚያያቸው ነገሮች ቢበዙም ይህኛው አልቀረም። ፌስቡክ ላይ ሺህ ጊዜ ሼር የተደረገ ጽሑፍ ጎብኚ ያመጣል እንጂ ምስክር አይሆንም፤ ወደ ውጭ የሚወጡት ሊንኮቹ «ኖፎሎው» የሚል፣ ጉግል እንደ ምስክርነት እንዳይቆጥራቸው የሚነግር ምልክት አለባቸው። ዝግ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ያለውንማ ጉግል ጭራሽ አያየውም።

የእኛ አገር ችግር ከዚህ ይጀምራል። በአማርኛ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር የሚኖረው ቻናልና ፔጅ ላይ ነው፤ ሊንክ መስጠት የሚችለው ግን ድረ ገጽ ያለው ብቻ ነው። ስለዚህ ከመጻፋችሁ በፊት ኤክሴል ከፍታችሁ ወደ እናንተ ሊንክ ሊያደርጉ የሚችሉ 30 ድረ ገጾችን መዝግቡ፦ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ክፍሎች፣ ድረ ገጽ ያላቸው የደሴና የኮምቦልቻ ሆቴሎች፣ ሰሜኑን መስመር የሚሸጡ የአዲስ አበባ አስጎብኚዎች፣ በውጭ ያሉ የወሎ ተወላጆች ማኅበራት፣ ስለ ኢትዮጵያ ሙዚቃ የሚጽፉ መምህራንና ተመራማሪዎች። በየስሙ ፊት ሊንክ ሊያስቀምጡበት የሚችሉትን ገጽ አድራሻ ጻፉ። እንዲህ ያለ ገጽ የሌለውን ሰርዙት።

ቀጥሎ የራሳችሁን ገጾች ተመልከቱ። «እንኳን አደረሳችሁ» ለሚል ገጽ ማንም ሊንክ አይሰጥም። የዜና ገጽም ቢሆን ሌላው ቀድቶ ይወስደዋል እንጂ አንባቢውን ወደ እናንተ አይልክም። ሰው ሊንክ የሚሰጠው ለራሱ አንባቢ የሚያስፈልግ፣ ግን እሱ ራሱ ሊሠራው የማይፈልግ ወይም የማይችል ነገር ሲያገኝ ነው።

አንዱ ምሳሌ የመጓጓዣ ገጽ ነው። ስለ ባቲ የሰኞ ገበያ የሚጽፍ አስጎብኚ ሰው እንዴት እንደሚደርስ መናገር አለበት፤ ታሪፉን ግን አዲስ አበባ ሆኖ መከታተል አይሆንለትም። እናንተ በአንድ ሰንጠረዥ ከደሴ በሐረጎ ወደ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ፣ ከደሴ ወደ ሐይቅና ወደ ወልዲያ ያሉትን መስመሮች አስቀምጡ፦ መኪናው የሚነሣበት ቦታ፣ ታሪፉ፣ የመጀመሪያውና የመጨረሻው መኪና ሰዓት። ሰዓቱን በሀበሻም በፈረንጅም ጻፉት፤ «ጠዋት 12 ሰዓት» የሚለውን ያነበበ የውጭ አገር ሰው በቀትር መጥቶ ባዶ መናኸሪያ ይጠብቀዋል። ከላይ «የተረጋገጠው በዚህ ቀን» የሚል መስመር ይኑር፤ ታሪፍ በተለወጠ ቁጥር ሰንጠረዡን አድሱ፣ አድራሻውን ግን አትንኩ። በየጊዜው አዲስ ገጽ እየከፈቱ ታሪፍ የሚያወጡ ሰዎች ያገኙትን ሊንክ በየአሮጌው ገጽ በትነው ይቀራሉ።

ከዚህም የሚልቀው የቅኝት ገጽ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ፤ ከአራቱ ሁለቱ የወሎ ቦታ ስም ናቸው። ስለ ቅኝት የሚያስተምር ሰው አንባቢው ድምፁን እንዲሰማ ይፈልጋል። አንድ የክራርና አንድ የማሲንቆ ተጫዋች እያንዳንዱን ቅኝት ለ30 ሰከንድ ያህል፣ ያለ ዘፈን፣ መጀመሪያ ድምፆቹን አንድ በአንድ፣ ከዚያ አጭር ዜማ ይጫወቱ። ጸጥ ያለ፣ ምንጣፍና መጋረጃ ያለው ክፍል ምረጡ፤ ባዶ ክፍል ድምፁን ያስተጋባል። ፋይሉ በ128 ኪሎቢት ኤምፒ3 ከተቀመጠ 30 ሰከንዱ ግማሽ ሜጋባይት ስለማይሞላ በደካማ ኔትወርክም ይከፈታል። ከድምፁ ሥር አምስቱን ድምፆች ጻፉ፤ ለምሳሌ ሜጀሩ ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ማብራሪያው በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይሁን፤ ሊንክ የሚሰጡት አብዛኞቹ በእንግሊዝኛ ነው የሚጽፉት። የተጫዋቾቹን ፈቃድ በጽሑፍ ያዙ፣ ስማቸውንም በገጹ ላይ አስቀምጡ።

ጥሩ ገጽ ኖሮም ሊንኩ የሚሰናከልበት አንድ ቦታ አለ፤ አድራሻው። ድረ ገጹ ርዕሱን በአማርኛው ወደ አድራሻ ሲለውጥ፣ ሊንኩ በተቀዳ ጊዜ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል የፐርሰንት ምልክት፣ የላቲን ፊደልና ቁጥር የተደባለቁበት ዘጠኝ ምልክት ሊሆን ይችላል። ኮምፒውተር ፊደልን በሚያስቀምጥበት ዩቲኤፍ 8 በተባለው አሠራር አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ነው፤ ለእያንዳንዱ ባይት ደግሞ ሦስት ምልክት ይወጣለታል። «ከደሴ ሐይቅ ትራንስፖርት» የሚለው 13 ፊደል 117 ምልክት ይሆናል ማለት ነው። እንዲህ ያለ አድራሻ ኢሜይል ውስጥ ለሁለት ይቆረጣል፤ ያየውም ሰው ቫይረስ መስሎት ይተወዋል። ገጹን ከማውጣታችሁ በፊት አድራሻውን በላቲን ፊደል፣ ከሦስት እስከ አምስት ቃል አድርጋችሁ በእጅ አስተካክሉ። ርዕሱ በአማርኛ ይቆይ። አስቀድሞ የወጣ ገጽ ከሆነ ግን አሮጌውን አድራሻ በ301 (የከፈተውን ሰው በራሱ ወደ አዲሱ በሚወስድ ትእዛዝ) ወደ አዲሱ ሳታዞሩ አትለውጡት። በፎቶ የተለጠፈ ጽሑፍና ከዩኒኮድ (ዛሬ ሁሉም ኮምፒውተር ከሚጠቀምበት የፊደል መለያ ሥርዓት) በፊት በነበሩ ፎንቶች የተጻፈ ፋይልም ሰው ፈልጎ አያገኘውም፤ እንደገና መተየብ አለበት።

ገጹ ከተዘጋጀ በኋላ መጠየቅ አያሳፍርም። ቀላሉ በር «ምንጭ፦» ተብሎ ስማችሁ ብቻ የተጻፈበት ቦታ ነው፤ እኛ ጋ ምንጭ መጥቀስ የተለመደ ቢሆንም ስሙን ሊንክ ማድረግ ብዙም አይታሰብም። የድረ ገጻችሁን ስም በትእምርተ ጥቅስ አድርጋችሁ ጉግል ላይ ፈልጉና ያገኛችሁትን «ስማችንን ስለጠቀሳችሁ እናመሰግናለን፤ አንባቢ በቀላሉ እንዲያገኘው ስሙን ወደዚህ ገጽ ሊንክ ብታደርጉት?» ብላችሁ ጻፉለት። ጽሑፋችሁን ሙሉውን ለቀዳውም ከጠብ ይልቅ ይኸው ደብዳቤ ይሻላል። ሁለተኛው በር የሞተ ሊንክ ነው። በዝርዝራችሁ ያሉትን ገጾች እየከፈታችሁ የማይሠራ ሊንክ ፈልጉ፣ የጠፋው ገጽ ምን ይዞ እንደነበር የድረ ገጾችን የቀድሞ ቅጂ በሚያስቀምጠው ዌይባክ ማሽን እዩ፣ ከዚያ እንዲህ ጻፉ፦

«ጤና ይስጥልኝ። ስለ ሐይቅ በጻፋችሁት ገጽ፣ ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ያለው የትራንስፖርት ሊንክ አሁን አይከፈትም። የመስመሩን ታሪፍና ሰዓት የያዘ፣ በዚህ ወር የታደሰ ገጽ አለን፤ ከጠቀማችሁ በምትኩ ልታስገቡት ትችላላችሁ።»

ከዚህ አታርዝሙት። መልስ ካልመጣ ከአሥር ቀን በኋላ አንድ ጊዜ አስታውሱ፣ ከዚያ ተዉት።

«አንድ ሺህ ሊንክ በዚህን ያህል ዶላር» የሚሉትን አትግዙ። ጉግል እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2012 ፔንግዊን የተባለውን ማሻሻያ ያወጣው በእንዲህ ዓይነቱ ሊንክ ላይ ነው፤ ያጋጣሚ ነገር ሆኖ ባያስቀጣ እንኳ ገንዘቡ ከንቱ ይቀራል። በሰው ኮሜንት ሥር ሊንክ መለጠፍም ድካም ነው፤ ኖፎሎው እ.ኤ.አ. በ2005 የተፈጠረው እሱን ለማምከን ነው። ዊኪፔዲያም እ.ኤ.አ. ከ2007 ወዲህ ለውጭ ሊንኮቹ ይህንኑ ይጠቀማል፤ ሆኖም ጸሐፊዎች መረጃ የሚፈልጉት እዚያ ስለሆነ፣ የቅኝት ገጻችሁ ለአንድ ጽሑፍ እውነተኛ ማስረጃ ከሆነ በውይይት ገጹ ላይ ጠቁሙ።

የዶሜይን (የድረ ገጹ ስም) ክፍያ የሚያልቅበትን ቀን ከአንድ ሰው በላይ ይወቀው፤ ስሙ ካመለጠ የተሰበሰበው ሊንክ ሁሉ አብሮት ይሄዳል። ውጤቱን በወር አንድ ጊዜ ጉግል ለድረ ገጽ ባለቤቶች ባዘጋጀው ሰርች ኮንሶል «ሊንክስ» የሚለው ክፍል እዩ። እዚያ የሚታየው ናሙና እንጂ ሙሉ ዝርዝር አይደለም። ከጠቅላላው ብዛት ይልቅ የትኛው ገጻችሁ ከስንት የተለያዩ ድረ ገጾች ሊንክ እንዳገኘ ተመልከቱ፤ ከአንድ ድረ ገጽ የመጣ መቶ ሊንክ ከአሥር ድረ ገጽ የመጣ አሥር ሊንክን አይተካም።