ከጎንደር ጠጅ ወይም አረቄ አሜሪካ ላለ ዘመድ ለመላክ

ጠጅ ማድረስ ይቻላል፤ የቤት አረቄ ግን አይሆንም።

ፖስታ ቤቱን ይተዉት። የአሜሪካ ፖስታ ቢራም ይሁን ወይን፣ አስካሪ መጠጥ አያደርስም። ፌዴክስና ዩፒኤስም አልኮል የሚረከቡት ፈቃድና ውል ካለው ሻጭ ብቻ ነው። «ጭማቂ ነው» ብሎ ማስመዝገብ ዕቃውን ለመወረስ ማጋለጥ ነው። የሚቀረው የመንገደኛ ሻንጣ ነው፤ ይዞ የሚሄደው ሰው 21 ዓመት የሞላው ይሁን።

በበረራ ደንብ እስከ 24 በመቶ አልኮል ያለው መጠጥ በሚጫን ሻንጣ ውስጥ የመጠን ገደብ የለበትም፤ የሚያሳስበው ኪሎው ብቻ ነው። ጠጅ እዚህ ይገባል። ከ24 በላይ እስከ 70 በመቶ የሆነው ለአንድ ሰው 5 ሊትር ድረስ ይፈቀዳል፣ ያውም ለሽያጭ እንደታሸገ። ከ70 በላይ የሆነው አይጫንም። የቤት አረቄ፣ በተለይ ዳግሙ፣ አብዛኛውን ጊዜ 24ን ያልፋል፤ በሃይላንድ ተሞልቶ ከተገኘ ይቀራል። አረቄ ግድ ከሆነ ፋብሪካ ያሸገውን ይግዙ።

ጠጅ ሻንጣ ውስጥ ሲፈነዳ ብዙ ሰው ከፍታውን ይወቅሳል። ጎንደር ራሷ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ የአውሮፕላኑ የውስጥ አየር ግፊት ደግሞ በ2,400 ሜትር ላይ ካለው እንዳይወርድ ይጠበቃል፣ ስለዚህ ልዩነቱ ትንሽ ነው። ጥፋቱ ፈልቶ ያላለቀው ጠጅ ነው። የጎንደር የሌሊት ብርድ እርሾውን ያስተኛዋል፤ ሙቀት ሲያገኝ የቀረውን የማር ስኳር መብላት ይጀምራል፣ ጋዙም መውጫ ያጣል።

ስለዚህ አስቀድመው ይፈትኑት። አንቡላውን ሳይነኩ ከላይ የጠራውን ይቅዱና ደግመው ያጥልሉ። አንድ ሃይላንድ ሞልተው፣ ትንሽ ጨምቀው ይክደኑትና ሞቅ ያለ ቤት ውስጥ ሁለት ቀን ያቆዩት። ተነፍቶ ከጠነከረ ገና ነው፤ ሌላ ሳምንት ይጠብቁ። ለጉዞው የለስላሳ ፕላስቲክ ይምረጡ፤ ጋዝ እንዲችል ስለተሠራ ከውሃው ፕላስቲክ ይጠነክራል። አራት ጣት ያህል ባዶ ይተዉ፣ ክዳኑን በፕላስተር ይጠቅልሉ፣ በሁለት ፌስታል አስረው ልብስ መሀል ይክተቱት። ብርጭቆ ጠርሙስ አይሞክሩ። በእጅ ሻንጣ ደግሞ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ዕቃ አያልፍም።

ጉምሩክ ላይ ሳይደብቁ «የማር ወይን፣ ይህን ያህል ሊትር» ብሎ ማስመዝገብ ነው። ያለ ቀረጥ የሚያልፈው 1 ሊትር ነው፤ ትርፉ ቀረጥ ሊጠየቅበት ይችላል፣ የሚያርፍበት ግዛት ሕግም ይታያል።

መንገደኛ ከጠፋ እዚያው አሜሪካ ካለ ባለፈቃድ የማር ወይን ጠማቂ በኢንተርኔት ማዘዝ ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2005 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አንድ ግዛት የራሱን ወይን ጠማቂዎች ቤት ድረስ እንዲልኩ ፈቅዶ የሌላ ግዛቱን መከልከል አይችልም ብሎ ወስኗል። ሁሉንም በእኩል መከልከል ግን ይችላል፤ ዩታ እንዲህ ካደረጉት አንዷ ናት፣ ስለዚህ ከመክፈልዎ በፊት የዘመድዎን ግዛት ይጠይቁ። ዕቃው ሲደርስም 21 የሞላው ሰው መታወቂያ አሳይቶ መፈረም አለበት፤ ቤት ሰው ከሌለ አድራሹ በር ላይ ጥሎት አይሄድም፣ ይዞት ይመለሳል።